ለሃያ በመቶ ቅናሽ የቆሙ ሽማግሎች

ከቢቸና የተነሣነው ዓርብ ጠዋት፣ ህዳር ዐሥራ ሦስት ቀን ነው። ጉዟችን ወደ ሞጣ፣ ጉዳያችን የወንድሜ የይበልጣል ትዳር። ይበልጣል ሞጣ ላይ ትዕግስት የምትባል ልጅ ወዷል፤ ልጅቱም ወዳዋለች። የቀረው የአባቷ የአቶ አዳሙ እሺታ ነው፤ ጭንቁም እሱ ነው።

ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልከን ነበር። ደርሰው ይመለሱ ብለን በጠዋት መኪና አሳፈርናቸው፤ መኪናው ጎማ ሲቀይር፣ ሰው ሲጠብቅ ቆይቶ በቀትር አደረሳቸው። አቶ አዳሙ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ልጅ የሚጠይቅ ሰው ማልዶ ነው የሚመጣ፤ በቀትር የሚመጣ ገበያተኛ ነው» ብለው መለሷቸው። በሰው በሰው ስናስለምን ከረምን። በመጨረሻ፣ «ጾሙ ሳይገባ አንድ ጊዜ እሰማቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ደጄን እንዳይረግጡ» አሉ። የነቢያት ጾም ደግሞ እሑድ ይገባል። ያለችን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ናት።

ስለዚህ ሽማግሎቹ ሞጣ ማደር አለባቸው። ዘመድ ቤት ካደሩ ወሬው ቀድሟቸው ይደርሳል ተባለና ሆቴል እንዲያድሩ ተቆረጠ። ማስያዙ ለእኔ ተሰጠ። ቢቸና ውስጥ የጫማ ሱቅ አለኝ፤ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ እበሳጫለሁ፣ ራሴ ስገዛ ግን ካልተከራከርሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኔትወርኩ ደህና በሆነበት አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾችን ስበረብር ዋልሁ። ለካ ያው ሆቴል፣ ያው አልጋ፣ አንዱ ገጽ ላይ ሌላ ዋጋ፣ ሌላው ላይ ሌላ ዋጋ ነው። ቀድሞ ለያዘ የሚቀንስ አለ፤ በስልክ መተግበሪያው ለገባ ደግሞ ሌላ ቅናሽ የሚጨምር አለ። ሁለቱን ደራርቤ ሃያ በመቶ አስቀነስሁ። ሁለት ክፍል፣ ክፍያው ስንደርስ። የሱቅ ጎረቤቶቼ ይህን ወሬ እስኪሰለቻቸው ድረስ አወራኋቸው።

መንገድ ላይ

ሽማግሎቹ ሁለት ናቸው። መሪጌታ ልሳነወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዝግ ብለው ነው የሚናገሩ፣ ሰው ግን ጆሮውን ያቀርባል። ጋሽ ተገኘ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው፤ ከተሳፈርን ጀምሮ ለጋቢናው ሁሉ የጨጓራ ምክር ሲሰጡ ነበር። እኔ ከሽምግልናው አልቆጠርም፤ የሆቴሉ ኃላፊ ነኝ።

ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው። ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ታጭዶ ተከምሯል፣ አጫጆች ቀና ብለው እጅ ያወጡልናል። ከበስተ ምዕራብ ጮቄ ደመና ለብሶ ይታያል። ደስ ብሎኝ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ሳነሣ ዋልሁ።

ደብረ ወርቅ ወርደን ሽሮ በላን። ትኩስ፣ ቃሪያው የሚያስለቅስ፣ ዋጋውም የሚያስመርቅ ነበር። እየበላን ሳለ ትዝ አለኝና፣ «ሆቴል ያስያዝሁበት ገጽ ከሰሞኑ “ቆይታዎ እንዴት ነበር?” ብሎ ጻፈልኝ» አልኋቸው።

«ሳንሄድ?» አሉ ጋሽ ተገኘ።

«ማስታወቂያ ነዋ፣ ለሁሉም ነው የሚልኩት።»

መሪጌታ እንጀራቸውን እንደያዙ፣ «እንግዳ ሳይገባ ደህና ዋላችሁ ወይ የሚል ቤት ጥሩ ቤት ነው» አሉ። ሳቅን፤ እዚያው ተረሳ።

ሞጣ፣ ከሰዓት በኋላ

ሞጣ የደረስነው የዓርብ ስግደት አልቆ ሰው ከመስጊድ ወጥቶ ሲበተን ነው። ሆቴሉ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ንጹሕ፣ በረንዳው አበባ የተተከለበት ነው። እኔ ደረቴን ነፍቼ ስልኬን ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጠኋት። አየችው፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እንደገና እኔን አየች።

«እህቴ፣ ይሄኮ አልፏል። ክፍሎቹን ይዘን ጠብቀናችሁ አልመጣችሁም።»

«እንዴት ያልፋል? ዛሬ ዐሥራ ሦስት አይደለም?»

«የእኛ ዐሥራ ሦስት ነው። ይሄ የፈረንጆቹ ነው።»

ህዳር ማለት ኖቬምበር አይደል ብዬ ዐሥራ ሦስትን ተጭኛለሁ፤ የእነሱ ዐሥራ ሦስት የእኛ አራት ነው። ስለ ቆይታችን የጠየቁንም የምር ነበር። ይባስ ብሎ የመንግሥት ሠራተኞች ስልጠና ስላለ ሆቴሉ ሞልቷል፤ የከተማውም አልጋ እንዲሁ። ሽማግሎቹን በረንዳ ላሳድር ነው ወይስ ዘመድ ቤት ወስጄ ወሬውን ላስቀድም? የወንድሜ ፊት መጣብኝና እንባዬ ቀረረ።

በዚህ መሃል የሆቴሉ ባለቤት ወጣች፤ ወይዘሮ ዘይነባ ይሏታል፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ቆፍጣና ሴት። «የቀረችኝ አንዲት ባለሁለት አልጋ ክፍል ናት፤ እሷም ለአሠልጣኙ ተይዛለች። ቁጭ በሉና ሻይ ጠጡ፣ ሌላ ቦታ እናፈላልጋለን» አለች።

ወንበር ላይ የነበሩት መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ተገኘም አይተዋቸው ተነሡ፤ ጎን ለጎን ቆሙ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ሁለቱ ለዚህ ነገር የሰለጠኑ ናቸው።

«እመቤቴ፣ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «ከቢቸና የመጣነው ለትልቅ ጉዳይ ነው። ልጃችን አጥፍታለች፤ ወልደሽ ከሆነ ልጅ እንደሚያጠፋ ታውቂያለሽ። ስለ ፈጣሪ ብለሽ ይህችን ክፍል ስጪን።»

«ኧረ አባ፣ ይቀመጡ።»

«ሳትሰጪን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተገኘ።

ሠልጣኞቹ ማኪያቷቸውን ትተው ማየት ጀመሩ። ወይዘሮ ዘይነባ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ ሽማግሌ አቁሜ አላመሽም። ውሰዷት። አሠልጣኙን ወንድሜ ቤት አሳድረዋለሁ፤ ልጅቱ ከእኔ ጋር ትደር።»

ነፍሴ ስትመለስ አመሌም አብሮ ተመለሰ። «ቅናሹስ?» አልሁ።

ጋሽ ተገኘ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ዘይነባ ግን፣ «ይሁን፣ እሱም ይቀነስ» አለችና መሪጌታን እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት

ፀሐይ ሳትወጣ አቶ አዳሙ ደጅ ደረስን። ገና ከማንኳኳታችን በሩ ተከፈተ። ረጅም፣ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። ወደ ግቢ አስገቡንና ወንበር አሳዩ። ሽማግሎቹ አልተቀመጡም።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

«አውቃለሁ፤ ትናንት ዘይነባ ሆቴልም አልተቀመጣችሁም» አሉ አቶ አዳሙ።

ክው አልሁ። ለካ የሆቴሉን ወተት የሚያቀርቡት እሳቸው ኖረዋል፤ ትናንት አመሻሽ ሲወስዱ ሁሉን ሰምተዋል። ዘመድ ቤት አናድርም ብለን የሸሸነው ወሬ በወተት ጣሳ ደርሷል። አለቀልን አልሁ በሆዴ፤ ለክፍል የሚለምኑ ድሆች ልጄን አያገኙም ሊሉ ነው።

«ቀኑን ያሳሳተው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የልጁ እህት።»

«ቀድመሽ ያስያዝሽው ግን ለምንድን ነው?»

«ባለፈው በቀትር መጥተን ስለመለሱን ነው። ዛሬ ማልደን እንድንደርስ።»

አቶ አዳሙ መሬቱን አዩ፣ ሽማግሎቹን አዩ። «ባለፈው ክፉ ተናግሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንድ ሌሊት አልጋ እንዲህ ቆሞ የሚለምን ቤተሰብ፣ ልጄ ብትቀየመው ምን ያህል ቆሞ ሊለምናት ነው? ስሙንና ዘሩን ትነግሩኛላችሁ፤ አሁን ግን ተቀመጡ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ከዚያ ተቀመጡ። ከጓዳ አንዲት ሴት እልል አለች፤ እኔ አለቀስሁ፣ ጋሽ ተገኘ መሐረብ ሰጡኝ።

ቀኑን ስንነጋገር ጥር ውስጥ ተባለ። አቶ አዳሙ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ቀኑን ግን እሷ አትቁረጠው» አሉ። ከሁሉም በላይ የሳቁት መሪጌታ ናቸው።

ቢቸና

ይበልጣል መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ፊቱ ሽሮ መስሏል። ገና ከመኪናው ሳልወርድ፣ «ተቀመጡ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ተቀመጡ» አልሁት። እዚያው ሰው መሃል አቀፈኝ።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ቅናሽ ከመፈለግ በፊት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ማየት እላለሁ። ድረ ገጹን አልተውሁትም፤ አሁንም ዋጋ አያይበታለሁ። ለሠርጉ እንግዶች አልጋ ለመያዝ ግን ትናንት ከሱቄ ሆኜ ለወይዘሮ ዘይነባ ደወልሁላት። ድረ ገጹ ላይ ያለውን ዋጋ ነገርኋትና ከዚያም ትንሽ ቀንሽልኝ አልኋት።

«ተቀምጠሽ ነው የምትለምኚኝ?» አለችኝ።

ደንበኛዬ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንደከተተች ታየኛለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቆምሁ።