የኤሊኖራ የታችኛው ሳንቃ

እስበን ግሩበን በደሴታችን የማያውቀው አልነበረም። አርባ ዓመት መርከብ ሠርቷል፣ የተሰበረ ጠግኗል፤ እሱ እጅ የገባ ጀልባ ሳይድን አይወጣም ይባልለት ነበር። እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይና መቃብር ቆፋሪ ነኝ። ብዙውን ሰው የማውቀው ወይ ሲያገባ ወይ ሲቀበር ነው፤ እስበን ግን ጎረቤቴ ስለሆነ በመሀሉም አውቀዋለሁ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ማድ ቤቱን የሥራ ቦታ አደረገው፤ መጋዙ ከአጃ ዳቦው ጎን፣ ሙጫው ከቅቤው ጎን።

“አንድ ቀን ሙጫውን ዳቦው ላይ ቀብተህ ትበላዋለህ” ስለው፣

“ካንተ ሾርባ አይብስም” ይለኝ ነበር። ከዚህ የረዘመ ወሬ ከአፉ የሚወጣው በስንት ዓመት አንዴ ነው።

ኤሊኖራ የእኛው ደሴት መርከብ ናት፤ ባለ ሁለት ምሰሶ የጭነት መርከብ። ከኖርዌይ እንጨት ጭና ስትመለስ በመከር ማዕበል ከስምንት ሰዎቿ ጋር ጠፋች። ባሕሩ የመለሰልን ስሟ የተጻፈበትን ሰሌዳና የጭነት ክፍሏን አንድ ክዳን ብቻ ነው። ያን ዕለት እዚያው የኖርዌይ ወደብ ቆሞ የነበረ አንድ የሌላ አገር ካፒቴን በኋላ መጥቶ፣ “ሰማዩ ጠቁሮ ሁላችን መልሕቅ ጥለን ስንጠብቅ፣ ላውሪትስ ቦየ ብቻውን ሸራውን ዘርግቶ ወጣ” ብሎ ነገረን። ላውሪትስ የኤሊኖራ ካፒቴን ነበር።

ይህች አንዲት ወሬ ለከተማችን በቃቻት። ላውሪትስ መጀመሪያ ችኩል ሆነ፤ በገና ሰሞን ሰካራም ሆነ፤ ለፋሲካ ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ሰውየው በሕይወት ሳለ ከበዓል ቢራ በቀር ሲቀምስ ያየው አልነበረም። ግን የሞተ ሰው አይከራከርም። ዕዳው ሁሉ በሚስቱ በሲሰ ላይ ወደቀ። ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። በቤተ ክርስቲያን እሷ ካለችበት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። የላውሪትስ አሮጊት እናት በሐፍረት ተኮማትራ ስትሞት፣ መቃብሩ ዳር የቆምነው ሲሰ፣ ቄሱ፣ እኔና እስበን ብቻ ነበርን። እኔም ብሆን አካፋ ስለያዝኩ ነው፤ ያለዚያ እመጣ እንደነበር አልምልም።

በሦስተኛው ዓመት ቄሱ ለጠፉት የመታሰቢያ መርከብ በቤተ ክርስቲያኑ ይሰቀል አሉ። እኛ ዘንድ ወጉ የታወቀ ነው፤ የጠፋችው መርከብ አምሳያ ከጣራው ይንጠለጠላል፣ ፊቷ ወደ መሠዊያው ይሆናል፣ ከሥሯ ግድግዳው ላይ የሟቾቹ ስም በሰሌዳ ይቀመጣል። ሥራው ለእስበን ተሰጠ። በአምሳያዋ የተከራከረ የለም። ጠቡ የመጣው በሰሌዳው ነው። የላውሪትስ ምክትል የነበረው የክኑድ ሚስት ማረን ሌሎቹን ስድስት ባልቴቶች አስከትላ ቄሱ ዘንድ ገባች።

“ሰባት ስም ነው የሚጻፈው። ስምንት አይደለም።”

“ማረን፣ ባሕሩ የወሰደው እኮ ስምንቱንም ነው” አሉ ቄሱ።

“ሰባቱን ባሕር አልወሰዳቸውም። የወሰዳቸው እሱ ነው። የዚያ ሰው ስም ከክኑድ ስም አጠገብ ከዋለ፣ እኔ እዚህ ደጅ ድርሽ አልልም። እነዚህም አይሉም።”

ቄሳችን ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ጉልበት የለውም። “እንግዲህ እናያለን” አሉ። ይህ በእሳቸው ቋንቋ እሺ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሲሰም ወዲያው ሰማች።

እስበን ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ሌሎች የቤተ ክርስቲያን መርከብ ሲሠሩ አንድ ግንድ ይጠርቡና ሆዱን ቀይ ቀለም ይቀቡታል፤ ያልቃል። እሱ ግን ከእውነተኛዋ ሃያ አራት ጊዜ ያነሰች ኤሊኖራን ከአከርካሪዋ ጀምሮ አቆማት። ጎድኖቿን አንድ በአንድ ከፒር ዛፍ እንጨት ጠረበ። ሳንቃውን እንደ ጥፍር አሳስቶ፣ በጀበና እንፋሎት አለስልሶ፣ ጎድኑ ላይ አጎበጠው። ገመዶቿን ከሚስቱ የስፌት ክር ገመደ። በመስኮቱ ብርሃን፣ በአንድ ዓይኑ መነጽር፣ ጀርባው እስኪቆለመም።

“ሆዷን ማን ያየዋል ብለህ ነው ይሄ ሁሉ?” አልኩት አንድ ቀን።

“መርከብ ባሕር ላይ ስትሆን ሆዷን ማንም አያየውም” አለኝ። “ጣራ ላይ ስትሰቀል ግን ሰው የሚያየው ሆዷን ብቻ ነው።”

ሲሰ የመጣችው ሳንቃው ተገጥሞ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ፒፓዬን እሞላ ነበር። አልተቀመጠችም።

“እስበን፣ እርስዎ ከተናገሩ ይሰሙዎታል። ማረንም ብትሆን እርስዎን ታከብራለች። የላውሪትስ ስም ይጻፍ ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም። መቃብር የለው፣ ድንጋይ የለው፤ ስሙ እንኳ አንድ ቦታ ይኑር።”

እስበን አውራ ጣቱን ሳንቃው ላይ ተጫነ።

“ከመጥፋቷ በፊት፣ በዚያ ጸደይ መርከቧን የጠገኗት እርስዎ ነዎት። ላውሪትስ ሊረከባት ሲመጣ ምን አለዎት? ጠጥቶ ነበር?”

“አልጠጣም።”

“ታዲያ ምን አለ?”

“ደኅና ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።”

“እርስዎስ?”

“ደኅና ናት አልኩት።”

ሲሰ ከሦስት ዓመት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ወደ እኔ ዞራ “ሰማህ? ችኩል ሰው፣ ሰካራም ሰው፣ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? ይችን ብቻ ይንገሩልኝ እስበን። እግዜር ይስጥልኝ” አለችና ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ እስበን ኤሊኖራን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ቢላዋውን አነሣና ከታች በኩል በስንት መከራ የገጠማቸውን ሁለት ረጃጅም ሳንቃዎች ፈልቅቆ ጣላቸው።

“ምን ነካህ? አበድክ እንዴ!”

“ወደ ቤትህ ሂድ” አለኝ። ሄድኩ። ምን እየሠራ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ እኔ የማውቀው ገመድና አፈር ነው።

በኅዳር፣ ሙታን በሚታሰቡበት በቅዱሳን ሁሉ እሑድ፣ ከቅዳሴው በፊት መርከቧን ወደ ጣራው የጎተትኩት እኔ ነኝ። ሆዷ ቀለም አልነበረውም፤ ዘይት ብቻ ጠጥቶ እንጨቱ ከነመጋጠሚያው ወለል ብሎ ይታያል። እስበንን “ቀለሙስ?” ስለው “አይቀባም” አለኝ። ፊቷን ወደ መሠዊያው አዞርኩና ገመዱን አሰርኩ። ሰዉ ገባ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አልነበረም፤ እስበን ገና አላደረሰውም ተብሏል። ሲሰ እንደ ልማዷ ብቻዋን ተቀመጠች።

መዝሙር እየተዘመረ ነው ማረን አንገቷን ቀና ያደረገችው። ማረን የመርከብ ሠሪ ልጅ ናት፤ ያደገችው በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ነው። የዚህ ደሴት ሴት ደግሞ ሊጥ ማቡካት ሳትችል አንድ ሕግ ትማራለች። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ሳንቃዎች መጋጠሚያቸው በአንድ ጎድን ላይ አያርፍም። ካረፈ፣ ማዕበል መርከቧን ሲጠመዝዛት እዚያ ቦታ ትከፈታለች። ማረን መዝሙሩን አቋረጠች። አጠገቧ ያለችው የእሷን ዓይን ተከትላ አየችና እሷም አቋረጠች። አንድ በአንድ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ኦርጋኑ ብቻውን ቀረ፤ ከዚያ እሱም ቆመ።

“እስበን” አለች ማረን። “ሁለቱ መጋጠሚያ አንድ ጎድን ላይ ነው ያረፈው። ዓይንህ ደክሞ ነው?”

እስበን ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

“ዓይኔ አልደከመም። እውነተኛዋንም ኤሊኖራ በዚያ ጸደይ እንዲያ አድርጌ ነው የለቀቅኳት።”

ወደ መርከቧ ቀና ብሎ ቀጠለ።

“ረጅም እንጨት አልቆብኝ ነበር። በረዶው ሟሙቶ ሁሉም መርከብ ሊወጣ ተቻኩሏል። አጭሩን ባጭር ገጠምኩት፤ ወተፍኩት፤ ቅጥራን ቀባሁት። ከዚያ በላዩ ምንም አይታይም። ላውሪትስ መጥቶ ደኅና ናት ወይ አለኝ፤ ደኅና ናት አልኩት። በዚያ ሰማይ ከወደብ የወጣው እኔን አምኖ ነው። ጤነኛ መርከብ ብትሆን ያን ማዕበል ትችለው ነበር።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፤ ግን እስኪጠራ ድረስ በጨለማው ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ማንም አይቆጥረውም። ያን ቀን እኔም በራሴ አፈርኩ፤ ያወራሁትን አውቀዋለሁና።

ማረን ከወንበሯ ወጥታ፣ መተላለፊያውን አቋርጣ ሲሰ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ልትይዝ ፈለገች።

“ተነሺ” አለቻት ሲሰ፣ ቀስ ብላ። ማረን ተነሣች። ሲሰ ወደ እስበን ዞረች። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

“አጥርህ ካጥሬ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ዓመት የሚሉኝን ትሰማ ነበር። የእናቱን ሬሳ ሣጥን የሠራኸው አንተ ነህ። ምስማሩን ስትመታ ምን ታስብ ነበር?”

“ልነግርሽ አስብ ነበር።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

እስበን ባርኔጣውን አየ። “ከነገርኩ ማንም ጀልባውን አያመጣልኝም ብዬ ፈራሁ” አለ።

ቢያንስ አልዋሸም። ግን ከዚያ ሌላ ትልቅ ነገር ይኖራል ብሎ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ሁሉ ፊቱ ወደቀ። ስምንት ሰው፣ አንዲት አሮጊት፣ የአንዲት ሴት ሦስት ዓመት፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቄሱ ስምንቱም ስም እንዲጻፍ አዘዙ፤ የተቃወመ የለም። ሰኞ ጠዋት እስበን ሰሌዳውን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ለካ ከበዓሉ በፊት ጨርሶት ኖሯል። ስምንት ስም፣ ላውሪትስ እንደ ካፒቴንነቱ ከሁሉ በላይ፣ ፊደሉ የጥልፍ ያህል ያምራል። “አንተ ስጣት፤ እኔን አታስገባኝም” አለኝ።

ወሰድኩላት። ሲሰ መስኮቱ ዳር ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። በጣቷ የባሏን ስም አንዴ ዳሰሰች። ከዚያ የምድጃውን በር ከፍታ ከተተችው፤ ሰሌዳው ደረቅ ስለነበር ቶሎ ተያያዘ።

“አንተ ጻፈው” አለችኝ።

“እኔ እኮ አልችልበትም፣ ሲሰ። የኔ ፊደል ጠማማ ነው።”

“ጠማማ ይሁን።”

ሳምንቱ ሳያልቅ ስምንቱንም ጻፍኩና ሰቀልኩት፤ ዛሬም እዚያው ነው። እስበን ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። አንዲት መቅዘፊያ እንኳ ጠግንልኝ ብሎ ያመጣለት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ዳር ወጥቶ “ሲሰ፣ እንደምን አደርሽ” ይላት ነበር፤ እሷም የታጠበ ልብሷን እያሰጣች አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችውም።