አሥራ አራቱ ፊርማዎች

እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «ወይዘሮ መጋረጃ» ይላታል። እኔ ጨርቅ እቆርጥላታለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። እጇ የተባረከ ነው፤ አይካድም። ምላሷ ግን ጤፍ ይቆላል፤ ጥፋት ደግሞ አንድም ቀን እሷ ቤት አድሮ አያውቅም። መርፌ ከተሰበረ ጥፋቱ የክሩ ነው፣ መጋረጃ ካጠረ የእኔ የቆራጯ ነው፣ ባሏ ጥሏት ሲሄድ እንኳ ጥፋተኛዋ የባሏ እናት ነበረች።

አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ ውሎዋን መተረክ ትወዳለች። እህቴ ደግሞ ወሬ ሲበዛ ስፌቱ ይንጋደድብኛል ትላለች። ስለዚህ አሮጌ ስልኳን ሰጠቻትና ተገላገለች። ልጅቷ የጫነችው ጌም ሰው በጥይት እየጣሉ ነጥብ የሚሰበስቡበት ነው። መጀመሪያ ሲከፈት ዕድሜ ይጠይቃል፤ ከአሥራ ስምንት በታች አያስገባም። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ስትመጣ እህቴ በቅጡ ቀና እንኳ ሳትል የራሷን የትውልድ ዘመን ሞላችላት። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። አርባ አንድ ዓመት ሞላሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ ብዬ በልጅቷ ቀለድኩባት። ያቺ ቀልድ ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ከስድስት ወር በኋላ ልጅቷ የክፍሏን ልጅ በማስመሪያ ግንባሩን ፈነከተችው። ተራዬን ቀማኝ አለች፣ በቃ። ትምህርት ቤቱ የክፍሉን ወላጆች ጠራ፤ ትባረር ወይስ ትቆይ የሚለው በዚያ ስብሰባ ሊወሰን ነው። እህቴ ልጅቷንና እኔን አስከትላ ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደች። የተፈነከተው ልጅ እናት አፏን ሳትከፍት እህቴ ቀድማ ብድግ አለች። ጌም ሠሪዎቹን ረገመች፣ ስልክ ሻጮቹን ረገመች፣ መምህርቷን ሳይቀር አንቺ የት ነበርሽ ብላ አፋጠጠቻት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ወላጆቹ ግን አጨበጨቡላት፤ የግማሾቹ ልጆች ያንኑ ጌም ነው የሚጫወቱት።

ርዕሰ መምህሩ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁና ወደ ልጅቷ ዞሩ። ይህ ጌም ለልጅ አይከፈትም፣ አንቺ እንዴት ገባሽበት ብለው ጠየቋት።

«በእማዬ ዕድሜ ነዋ የምጫወተው» አለች። «እሷ ናት የሞላችልኝ፤ ወሬ እንዳላበዛባት።»

እህቴ በጥፊ አጮለቻት። እዚያው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። የሚያጨበጭብ አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ ልጅቷን አላባረሯትም። ለሁለት ሳምንት አገዷትና ለእህቴ አሥራ አራት መስመር ያለው ወረቀት ሰጧት። እናት በየቀኑ ሥራዋን አቁማ ከልጇ ጋር አንድ ሰዓት ትቀመጣለች፣ ከዚያ ትፈርማለች። ወረቀቱ ሳይሞላ ልጅቷ ክፍል አትገባም። እህቴ መንገዱን ሙሉ እኚህ ሰው ጠላቴ ናቸው እያለች ስትበግን፣ ልጅቷ ጉንጯ እንደቀላ ክንዴን ይዛ አንድ ሰዓት ብዙ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ነው አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ፀጉሯን አበጥራ፣ በርጩማ ጎትታ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀመጠች። እህቴ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ጀምራ ነበር። ልጅቷን አየቻት፣ መጋረጃውን አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ፈረመችው፤ አሥራ አራቱንም፣ ባንድ ትንፋሽ።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«አንቺ ጨርቅሽን ቁረጪ።»

ጠላኋት። የእናቴ ልጅ ናት፣ ግን ጠላኋት።

ልጅቷ ወረቀቱን አንስታ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረቻቸው።

«እማዬ፣ አለቀ ማለት ነው?»

«አዎ፣ አለቀ» አለቻትና ስልኩን አቀበለቻት። «ድምፁን ብቻ ቀንሺው።»