ለአስቴር ያላደረስኩት መልእክት

ለባሌ አልነገርኩትም። ስጸልይ እንኳ በደሌን ዙሪያውን እሄደዋለሁ እንጂ በስሙ አልጠራውም። እርስዎ አያውቁኝም፤ ይስሙኝ፤ መሸከሙ ደክሞኛል።

አስቴርና እኔ ባዮሎጂ አብረን ተምረን፣ እኔ ሶዶ እሷ ገሱባ አስተማሪ ሆንን። ዲግሪ ያላቸውን ለሐኪምነት ትምህርት እንቀበላለን የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ አብረን አመለከትን። ገሱባ ያኔ ኔትወርክ ስለማይገኝ የእኔን ስልክ ሰጠች። አርብ ተደወለልኝ፤ ፈተናው ሰኞ ጠዋት ሐዋሳ ነው፣ ለጓደኛሽም ንገሪያት አሉኝ። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ አስቴር ለገበያ መጥታ እኔ ቤት ገባች። ቦዬ የሚባለውን ሥር ቀቅዬ ዳጣ ከሚባለው የበርበሬ ማባያ ጋር አቀረብኩላት።

«ደወሉ እንዴ?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ገና ናቸው። ሲደውሉ ሰው እልክብሻለሁ።»

እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። እሷ ምግቡን ስትባርክ «ጌታ ሆይ፣ ሁለታችንንም አሳልፈን» ብላ ጸለየች፤ እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋት።

ለምን? ሁልጊዜ ትበልጠኝ ስለነበር? ቦታው ጥቂት ነው ስለተባለ? ሁለታችንም ልናልፍ እንደምንችል አላሰብኩም ነበር? አስቤዋለሁ። አስቤውም ዝም አልኩ።

ማለፌን ስትሰማ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። «ለእኔ ሳይደውሉ ቀሩ ማለት ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸኋት። በሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ እያልኩም መከርኳት፤ እሷ ግን አልተፈለግኩም ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። አላመለከተችም።

ከዓመታት በኋላ ሐኪም ሆኜ ሶዶ ተመለስኩ። ባለፈው ሳምንት እናቷን ይዛ መጣች፤ አሮጊቷ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። መርምሬ መድኃኒት አዘዝኩ። አስቴር ሲወጡ እጄን ይዛ፣ «እኔ ባልሆንም አንቺ ሆነሽልኛል» አለችኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። በሩ ዝግ ነበር፤ ከእናቷ በቀር ማንም አልነበረም። «እግዜር ይማራቸው» አልኩና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ልጅ አልነበርኩም። ብዙ ሰው አድኛለሁ ብዬም አላካክስም፤ እሷም ታድን ነበር። ይቅርታ የምጠይቀው እርስዎን አይደለም። የምጠይቃት አስቴር ያለችው ገሱባ ነው፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልሄድኩም።