እንመለስ ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ፣ በቶሮንቶ ሰዓት ልክ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው አብራኝ የምትሠራ ወጣት ዘጋቢ ናት። ያለችው በምዕራቡ ጠረፍ ካሉ ተራሮች ግርጌ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። እዚያ ገና ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ስለ በረዶ ናዳ የሚሠራው ዘገባ የእኔ ነበር። ሦስት የበረዶ ወቅት ሙሉ፣ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ካለው ቤቴ ሆኜ የተራሮቹን የናዳ ማስጠንቀቂያ በየጧቱ አንብቤያለሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ አዘጋጃችን እሷን ላከ። በሳምንት ውስጥ እዚያ ተወልዳ ያደገች መሰለች። ዝናቡ በረዶ ሆኖ ረግቶ እንደ መስተዋት ለስላሳ ንጣፍ መሥራቱን፣ ነፋስ ያመጣው አዲስ በረዶ በላዩ መከመሩን፣ ሁለቱ ግን አለመያያዛቸውን ጽፋ ላከችልኝ። የሚታረም ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

ስልኩን ያነሳሁት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ አንድ ሱቅ በር ቆሜ ነው። የዕለቱ የናዳ አደጋ ከአምስቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ነው አለችኝ። የተራራ መሪያቸው ለፎቶ የሚወጡበትን ተዳፋት በዳር በኩል ማለፍ ይቻል ይሆናል ብሏል፤ ከሦስቱ፣ ከእሱ፣ ከእሷና ከፎቶ አንሺያችን፣ አንዱ እንመለስ ካለ ግን ሁሉም ይመለሳሉ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሷ መመለስ ፈልጋለች። ፎቶ አንሺው ግን የእኔ እኩያ፣ ለእሷ ትልቅ ሰው ነው፤ ሦስት ማለት መሀል ነው ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ጋሼ፣ እሳቸውን በምን አፌ ተመለሱ ልበል? እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ስልኩን ሰጠችው። በረዶው አልተያያዘም፣ ተመለሱ አልኩት።

«አንተ በጉልበትህ ቤት ቀረህና እኛንም ልታስቀር ነው? ምቀኛ!»

«ምቀኛ በለኝ። እንመለስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አኩርፎ ካሜራውን ሸከፈ። የነገርኩት ስለ በረዶው ትክክል ነበር። በልቤ ቀድሞ የመጣው ግን እሷ ፎቶ ሳትይዝ ትመለሳለች የሚለው ደስታ ነው። ይህን ለሁለቱም አልነገርኳቸውም።

በእነሱ ሰዓት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ገና ከመኪና ማቆሚያው ሳይወጡ፣ የተዳፋቱ በረዶ ተናደ። መሪያቸውና አንድ የመንገድ ሠራተኛ ለየብቻ አረጋግጠውልኛል። በላዩ ሰው አልነበረም። በፊት ገጽ የወጣው የናዳው ፎቶ ከመኪና ማቆሚያው በስልክ የተነሳ ነው። ያነሳችው እሷ ናት።