አሥራ ሁለቱን በጥርሱ የሰማው መካኒክ

ሰፈሩ «ጆሮ» ነው የሚለው። መኪና ገና ከመንገድ ማዶ ሲያጓራ «የዚህ ሦስተኛው ካንዴላ አልቆለታል» የሚል መካኒክ ነበራ። ነበር ነው እንግዲህ፤ ዘንድሮ ጆሮው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ድርግም አለ። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት። ደንበኛ ሲመጣ ጎኑን ጎሸም ታደርገዋለች፣ እሱም ዞሮ ከንፈር ከንፈር ያያል። ጎረቤቶቹማ «በዚህ ዕድሜ ደግሞ መጎሻሸም» እያሉ ያሟቸዋል።

አንድ ጠዋት ታዲያ ቀይ የስፖርት መኪና ጋራዡ ውስጥ ጥልቅ አለች። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ባለቤቷ ስትወጣ ከመሬት የበቀለች ነው የምትመስለው።

«አባባ፣ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ናት» አለች ልጅቷ። «አንዱ አልሠራ ብሏል፣ የቱ እንደሆነ ያወቀ የለም። ከሰዓት ውድድር አለብኝ። ጆሮ ያለው እርስዎ ጋ ነው አሉኝ።»

ሚስትየው ክው አለች። አልችልም ቢል ነገሩ ሊወጣ ነው፤ ደንቆሮ ጋ ደግሞ ማን መኪና ያመጣል? ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ «ታሟል ልበላት?» አለችው።

«አሥራ ሁለት ናት እኮ፣ አንቺ ሴትዮ» አላት። ዕድሜ ልኩን ባለ አራቱን ሲጠግን የኖረ ሰው፣ እንዲህ ያለችውን በሩቅ እንጂ መች ነክቶ ያውቃል። ዓይኑ እንደ ጎረምሳ በራ። ዘው ብሎ ማድ ቤት ገባና የሾርባ ማማሰያዋን ይዞ ወጣ።

ልጅቷ ሞተሩን አስነሳች። እሱ የማማሰያውን እጀታ ነክሶ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ልማዱ ነው የኔ ልጅ» አለች ሚስቱ ፈጠን ብላ፤ «ሲያስብ እንጨት ይነክሳል።»

እሱ ይህን የት ሰምቶ። የሞተሩ ንዝረት በጥርሱ፣ በመንጋጋው አልፎ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባለት። ስድስቱ በግራ፣ ስድስቱ በቀኝ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ልክ እንደ ሰፈር ወሬ። ማማሰያውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወረ አዳመጠ። ዘጠነኛው ጋ ሲደርስ ወሬው ተቋረጠ። እጁን ሰደድ አድርጎ የላላውን ሽቦ ጠቅ አደረገው።

ያን ጊዜ ነው የጋራዡ ቆርቆሮ የተንቀጠቀጠው።

«ተገኘ አባባ፣ በቃ ላጥፋው?»

እሱ ማማሰያውን እንደነከሰ ነው።

«አባባ?»

ሚስትየው ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ስትስቅ መጎሸሙን ረስታዋለች። ልጅቷ ከመኪናዋ ወጥታ ማማሰያውን አየች፤ የተጨፈኑትን ዓይኖቹን፣ ጢሙ ላይ የሚወርደውን እንባ አየች።

«ልጄ፣ እባክሽ ለሰው…» አለች ሚስት ሳቋ ጠፍቶ።

«ምኑን?» አለች ልጅቷ። ተመልሳ መሪው ጋ ተቀመጠችና፣ ከማጥፋት ይልቅ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠችለት።