ለወንድሜ ራስ የተቀመጠ ለጋ ቅቤ

ዝናቡ ወደ ራያ በተመለሰበት ክረምት ማብቂያ፣ ጳጉሜ ላይ ነው። ከድርቁ የተረፉልን ፍየሎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱንም ነብር ይፈጅብን ጀመር። ነብሩ የሚውለው አሁን እናንተን ልጆቹን ለቄጠማ ይዣችሁ በምወጣበት ኮረብታ ላይ ነበር። ጎኑ ድንጋይ ነው፤ አናቱ ግን ከሥሩ ምንጭ ስላለው በጋም ክረምትም ጨፌ ነው፣ ረግረግ። ሰው አይኖርበትም።

ነብሩን ሊገድሉ ሲወጡ እኔን ያስከተሉኝ መንገዱን ስለማውቅ ነው። ለበዓል ቄጠማ እያጨድኩ ቆቦ ገበያ እሸጥ ስለነበር፣ የትኛው የሣር ጉብታ ሰው እንደሚሸከም፣ የትኛው እንደሚከዳ እግሬ ያውቀዋል። አፌ ግን ያኔም በሰው ፊት አይፈታም ነበር።

አብረውኝ የወጡት አጎቴ አያ ካሣ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሳለና የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ ሞላ ናቸው። ሊቀመንበሩ የፈቀደልን የአንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ኮረብታ ላይ ያደረ ሰው ወንበዴ ሊባል ይችላል። ስለዚህ አያ ካሣ በዋዜማው አውድማ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሁሉ መሬት ላይ ዘረጋልን። አንድ ደረቅ ኩበት ኮረብታው ሆነ፤ ጠጠሮቹ እኛ ሆንን።

«ዶሮ ሲጮህ እንነሳለን። ፀሐይዋ ሳትበረታ አናቱ ላይ እንደርሳለን። ደሳለ በዚህ፣ በድንጋዩ በኩል። ሞላ ምንሽርህን ይዘህ ከማዶ። ውሻውን ይቺ የደሳለ እህት ትለቃለች። ነብሩ ከቄጠማው ወጥቶ ደረቅ እስኪረግጥ ማንም አይነካውም። ጨፌው ውስጥ የሚገባ የለም።»

«ከገባስ?» አለ ሞላ እየሳቀ።

«ከገባ እዚያው ይቀራል።»

የእኛን አገር ሕግ ታውቁታላችሁ። ገዳይ የሚባለው መጀመሪያ ያደማው ነው። ሌላ ሰው ቢጨርሰውም እንኳ፣ ራሱ ቅቤ የሚቀባው፣ የሚዘፈንለትም እሱ ነው። ሞላ ጠብመንጃ አለው፤ ወንድሜ የነበረው የአባታችን ጦር ብቻ።

«ደሳለ፣ ያንተ ራስ ቅቤ የሚያየው ሙሽራ ስትሆን ነው» አለው ሞላ። «እሱም እሺ የምትልህ ከተገኘች!»

ወንድሜ አብሮ ሳቀ። ማታ ግን እናታችንን በቀስታ፣ «እምዬ፣ ለጋ ቅቤ ይኖርሻል?» ሲላት ሰማሁ። የከብት ነገር እንዲያ በጠፋበት ጊዜ ከጎረቤት ለምና በትንሽ ቅል አስቀመጠችለት።

በማግስቱ እንደተባለው ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ኮረብታው ጭጋግ ለብሶ ነበር። ጨፌው ዳር ጭቃ ላይ ዱካውን አገኘሁት፤ ክብ፣ የጥፍር ምልክት የሌለው፣ መዳፌን የሚያክል። ውሃው ገና ወደ ዱካው እየሰረገ ነበር፤ አሁን ያለፈ ነው። በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ውሻችንን ቦራን ለቀቅሁት።

መጀመሪያ እንደ ወትሮው ጮኸ፤ ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። ነፋስ ሳይኖር ቄጠማው ተከፈለ። ነብሩ አያ ካሣ እንዳለው ወደ ደረቁ፣ ወደ ሞላ በኩል ነበር የሚሄደው። የቀረው ትንሽ መታገሥ ብቻ ነበር። ሞላ ምንሽሩን ሲያነሳ ወንድሜ አየው። ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ጨፌው ውስጥ ገባ።

«ደሳለ! ጉብታውን! ጉብታውን ርገጥ!»

ወንዶች ባሉበት እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። አልሰማኝም። ጦሩን ወረወረ፤ የነብሩን ጎን አገኘው፤ እሱም ወዲያው እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ነብሩ ዞረ። ወንድሜ አንድ እግሩን እንኳ መንቀል አቃተው። ነብሩ ሲዘልበት ወደ ኋላው ወደቀና ጭኑን ተያዘ። ሁለቱ ስለተጣበቁ ሞላ መተኮስ አልቻለም። ቦራ ከኋላ ሲነክሰው ነብሩ ቀና አለ፤ ያኔ ምንሽሩ ጮኸ።

ጉብታ በጉብታ እየዘለልኩ ደረስኩ። መቀነቴን ፈትቼ ከቁስሉ በላይ አሰርኩት፤ ደሙ ግን በመቀነቱ ሥር ይወርዳል። ብቻዬን ከጭቃው ላወጣው አልቻልኩም። ቀና ስል ወንዶቹ ነብሩን ወደ ዳር ጎትተው ያገላብጡታል።

«ይኸው፣ የጦሩ ቀዳዳ» ይላል አያ ካሣ።

«ቆዳውን ነው የቧጨረው! ደሙ የጥይቴ ነው።»

«ደም ደም ነው። ጦሩ ቀድሟል።»

«ኧረ በማርያም! ወንድሜ እያለቀ ነው! ኑ አውጡልኝ!»

«መጣን፣ መጣን» አሉ። እጃቸው ግን ነብሩ ላይ ነበር።

ደሳለ ክንዴን ያዘና፣ «ምን አሉ?» አለኝ።

«አንተ ነህ ገዳዩ።»

ፈገግ አለ። እኔ ላይ ከቀረው ሁሉ ያች ፈገግታ ትብሳለች።

በኋላ ጎትተው አወጡት። የተኩሱን ድምፅ የሰሙ እረኞች መጡ። ጉልበት ያላቸው ነብሩን በእንጨት አንጠልጥለው እየዘፈኑ ቀደሙ፤ እኔና አያ ካሣ ከሁለት ሽማግሌ እረኞች ጋር ወንድሜን በጋቢ ቃሬዛ ይዘን ዝግ ብለን ተከተልን። ሐሳባችን ቆቦ ጤና ጣቢያ ልናደርሰው ነበር። መንገድ ላይ ውሃ አለኝ፤ ቀጥሎ ምንም አላለም።

ሰፈር ቀድሞ የደረሰው ዘፈኑ ነው። እናቴ የልጇን ስም በዘፈኑ ውስጥ ስትሰማ ቅሉን ይዛ እልል እያለች ወጣች። ነብሩን አየችው።

«የታል ልጄ?»

«ከኋላ ነው» አላት ሞላ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

እልልታዋን ሳታቋርጥ ወደ እኛ ሮጠች። ቃሬዛውን እያየች እንኳ፣ ደክሞት የተኛ መስሏት ቅቤውን በእፍኟ ራሱ ላይ አደረገችለት። ራስ ላይ ሲያርፍ ቶሎ የሚቀልጠው ለጋ ቅቤ፣ እንዳለ ቀረ። ያን ጊዜ ነው እልልታው የቆመው።

ቆዳውን ሊቀመንበሩ «የመንግሥት ነው» ብሎ ወሰደው፤ የት እንደደረሰ አናውቅም። አያ ካሣ ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ፣ «ዕቅዳችን ደህና ነበር» ይላል። ዕቅዱማ ደህና ነበር። ለእግራችን ሁሉ ቦታ ነበረው፤ የቅቤውን ነገር ግን ከጠጠሮቹ ጋር ያስቀመጠው ሰው አልነበረም።

እናንተ ጨፌው ላይ እኔ የረገጥኩትን ጉብታ ብቻ ርገጡ። ከመንደር የአዳኝ ዘፈን ሲሰማ አብሬያችሁ እልል የማልለው ደግሞ ኩራት ይዞኝ አይደለም። መንገዱን እያየሁ ነው፤ ከዘፋኞቹ ኋላ ዝግ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ ብዬ።