ለእናቴ የቀዳሁት የጥርባ ውሃ

ባለፈው ወር ከጥሊሊ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት “እህቴ፣ ውሃሽን ከእግርሽ ስር አድርጊው እንጂ፣ ልጅ አስመሰልሽው” ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ፀሐይ ያሞቀው ሃይላንድ ሽታ አፍንጫዬ ስር ነበር፤ ያ የላስቲክ ሽታ በመጣ ቁጥር ደግሞ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ የጥርባ ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆሜያለሁ።

ባጃጅ ለኢንጅባራ ገና ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ታማ ተኝታ ስለነበር የማድረው ከከተማው ዳር፣ እታለም ከምላት ታናሽ እህቷ ቤት ነበር። እታለም የማታውቀው ነገር አልነበረም፤ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ፣ የትኛዋ ጎረቤት ከየትኛዋ እንደተኳረፈች፣ ትኩሳት በምን እንደሚበርድ ሁሉ ታውቃለች፤ እሷ ካለች አለቀ ነው።

አንድ የመስከረም ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ቀሰቀሰችኝና “ተነሽ፣ ለእናትሽ ከጥርባ ውሃ እንቀዳለን፤ ያ ሐይቅ የልጅ ልመና ይሰማል” አለችኝ። ሐይቁ የተከበረ መሆኑንማ አውቅ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዓይኗን ምን እንዳቀላው ስጠይቃት “ጭስ ነው” አለች፤ አመንኳት። ባጃጁ ውስጥ ከሾፌሩ ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ፤ እኔ ያደግሁት በአማርኛ ስለሆነ ከለቃቀምኩት ቃል በላይ አይገባኝም። ሾፌሩ ግን ዞር ብሎ አየኝና ዘፈኑን ዘጋ።

በጫካው መሀል የሚወርደው መንገድ ያዳልጣል፣ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፤ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው በእኔ አወዳደቅ የሚስቁ መሰለኝ። እታለም ሕጉን ነገረችኝ፤ በባዶ እግር ይወረዳል፣ ውሃው ተቀድቶ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከዳሩ ይቆያል፣ ከዚያ ቤት እስኪገባ ድረስ መሬት አይነካም። “መሬት ከነካ ኃይሉ ይሄዳል፣ ልጄ።” ቀኑን ሙሉ ውሃውን የቀዳሁበትን የሃይላንድ ጠርሙስ አቅፌ ተቀመጥኩ፣ ራበኝም አላልኩ፤ እናቴ ጠጥታው ተነስታ ፀጉሬን ስትሠራኝ እየታየኝ ብቻዬን እስቅ ነበር። እታለም ጀርባዋን ሰጥታኝ ትናፈጣለች። “ብርድ መታኝ” አለች፤ ይህንንም አመንኩ።

ስንመለስ በእናቴ ቤት በር ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። አንዷ ጎረቤት አይታኝ ጮኸች፤ ያኔ ገባኝ። የገባኝ ግን በግማሽ ነው፤ ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ “መሬት አላስነካሁትም! አላስነካሁትም!” እያልኩ በሰው መሀል ወደ እናቴ መኝታ ሮጥኩ። አልጋዋ ከቦታው የለም። እታለም ተከትላኝ ገባችና ጠርሙሱን ከእጄ ፈልቅቃ ወሰደችው። ከቀብር የመጣ ሰው እጁን ሳይታጠብ አይቀመጥም፣ ቧንቧው ደግሞ ያን ቀን ውሃ አልነበረውም። መቃብሩ ላይ አፈር ሲመልሱ የነበሩት ወንዶች እጃቸውን ዘረጉ፣ እሷም የእናቴን ውሃ አፈሰሰችላቸው፤ ጭቃው ከጣታቸው እየታጠበ መሬት ወረደ።

ካደግሁ በኋላ ጥርባ አጠገብ የተወለዱ አንድ አባት ስለዚያ ሕግ ጠየቅኋቸው። “ሐይቁስ ይከበራል፤ መሬት አይንካ የሚለውን ግን ከማን ሰማሽው?” አሉኝ። እታለምን ስጠይቃት ደግሞ “በእናትሽ ላይ አፈር ሲመለስ ቆመሽ እንድታዪ እንዴት ልተውሽ? ለአንቺ ብዬ ነው” አለች። ለእኔ ብላ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እናቴን የምሰናበትበትን ቀን የሰረቀችኝ እሷ ናት፤ በእኔው እምነት አስራ አስቀምጣኝ። ይቅር ልላት ብዙ ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም።

አሁን እታለም አርጅታለች። እሑድ እሑድ ስደውልላት፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ “ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ” ትለኛለች። ድሮ እሷ ካለች አለቀ ነበር። አሁን ስልኩን ዘግቼ ለጎረቤቷ እደውላለሁ።